የግንበኛው ማስጠንቀቂያ

የዛሬው ጉዳይ በራሴ ደጃፍ የደረሰ ነው።

ኩየራ ላይ አነስተኛ ቤት ሳሠራ ሥራውን በሙሉ ለአንድ ተቋራጭ ሰጠሁ። ክፍያውንም በውላችን መሠረት በየደረጃው ፈጸምሁ፤ ደረሰኞቹ ዛሬም በመሳቢያዬ አሉ። ጣራው ከለበሰ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የሚሽኑ ሰንበት ባለፈ ማግሥት፣ እሑድ ማለዳ፣ ግንበኛው በሬን አንኳኳ። በዕድሜ ታላቄ ነው። «ዶክተር፣ የሁለት ወር ሒሳቤ ቀርቷል፤ የሰውዬውም ስልክ አይሠራም» አለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከፍያለሁ» አልሁት። እውነት ነበር። ያንን እውነት ስናገር ግን እንደ ውሸታም አፈርሁ።

የሕግ መምህር ባልሆንም የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥሁ። ውል በመርሕ ደረጃ የሚያስረው ተዋዋዮቹን ብቻ ነው፤ እኔና ግንበኛው ደግሞ አልተዋዋልንም። ቤቱን ሸጦ ዋጋው ላልተከፈለው ሰው፣ ንብረት ተካፍሎ ድርሻው ላልተሟላለትም፣ ሕጉ ራሱ በቤቱ ላይ መያዣ ይሰጣቸዋል። ድንጋዩን የደረደረውን ሰው ግን በእነዚያ አንቀጾች ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የሠራተኛን ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ያስቀድማል፤ ይህ ቅድሚያ ስልኩን ዘግቶ በጠፋ አሠሪ ላይ ምን ይፈይዳል?

ሌሎች አገሮች ጥያቄውን ቀድመው አንስተውታል። አሜሪካኖች ዋና ከተማቸውን ሊገነቡ ሲነሡ፣ የሜሪላንድ ግዛት በ1791 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ለገንቢዎች በሠሩት ቤት ላይ የመያዣ መብት ሰጠ። በካሊፎርኒያ ዛሬ ከባለቤቱ ጋር ውል የሌለው ንዑስ ተቋራጭ ወይም ዕቃ አቅራቢ፣ ሥራ በጀመረ በ20 ቀናት ውስጥ ለባለቤቱ ቅድመ ማስታወቂያ ይልካል። የቀን ሠራተኛው ግን ይህ ግዴታ የለበትም፤ መብቱ ያለ ደብዳቤም የተጠበቀ ነው። ደብዳቤው ክስ አይደለም፤ «እኔም በቤትህ ላይ እየሠራሁ ነው፤ ስትከፍል አትርሳኝ» ማለት ነው። ባለቤቱንም ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ወረቀት ደርሶኝ ቢሆን፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቄ በፊት የግንበኛውን ፊርማ እጠይቅ ነበር።

ማስጠንቀቂያ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። ተዋዋይ ውሉን አልፈጸመም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቅ እንደሚገባ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ይደነግጋል። ባንኮችማ ከዚህም የበለጠ አግኝተዋል፦ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ፣ የተያዘላቸውን ቤት በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጣቸው። እንግዲህ ሕግ አውጪው የአበዳሪን ገንዘብ በግድግዳው ውስጥ ማየት ከቻለ፣ የሰውን ላብ ማየት ያቃተው ለምንድን ነው? የባንክ ማስጠንቀቂያ ቤት ያሸጣል፤ የግንበኛ ማስጠንቀቂያ ግን የሚላክበት አድራሻ እንኳ የለውም።

ለግንበኛው የቀረበትን ግማሽ ከኪሴ ሰጠሁት። ምጽዋት እንዲመስልበት አልፈለግሁም፤ እርሱ ግን በሁለት እጁ ተቀብሎ ደጋግሞ መረቀኝ። ምርቃቱ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። የደከመበትን የሚቀበል ሰው ቆጥሮ ይፈርማል እንጂ አይመርቅም።