የቀዩ ፋኖስ ዘር ማንዘር

እኛ ሰፈር የቻይና ፊልም ማለት ካራቴ ነበር። በቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣበን ካየናቸው ፊልሞች አብዛኞቹ ሆንግ ኮንግ የተሠሩ መሆናቸውን የነገረን አልነበረም፤ ቢነግረንም ግድ አይሰጠንም። በነዚያ ፊልሞች ውስጥ የቤተሰብ ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች መገደል። አባት ይሞታል፣ ቤት ይቃጠላል፣ ልጅ ተራራ ወጥቶ ጺማም ሽማግሌ ዘንድ ይማራል፣ ሲመለስ የገደሉትን በተራቸው ይጥላቸዋል። ቻይናዎች እራት በልተው፣ ተኳርፈው፣ በውርስ ተጣልተው የሚያድሩ ሰዎች መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ያሳወቀኝ የዣንግ ዪሞ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው፣ በእኛ አፍ «ቀዩን ፋኖስ ስቀሉ» ልንለው የምንችለው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) አብራኝ ያየችው አክስቴ ናት። አክስቴ ፊልም በዝምታ አታይም። ከተዋንያኑ ጋር ትነጋገራለች፣ ትመክራቸዋለች፣ አንዳንዴም ትረግማቸዋለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዘመኑ 1920ዎቹ ነው። ሶንግሊየን የተባለች የ19 ዓመት ተማሪ አባቷ ሲሞት ትምህርቷን አቋርጣ ለአንድ ሀብታም አራተኛ ሚስት ትሆናለች። ጎንግ ሊ ናት የምትጫወተው። የተላከላትን አጀብ ትታ ሻንጣዋን አንጠልጥላ በእግሯ ትገባለች። እንግዲህ በዚህ ቤት ጌታው ማታ ከአራቱ ሚስቶች ማንኛዋ ዘንድ እንደሚያድር የሚታወቀው በፋኖስ ነው። ሲመሽ ሚስቶቹ በየበራቸው ይቆማሉ። አሽከሩ ጮኾ ስም ይጠራል። የተመረጠችው ግቢ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ፋኖስ ይበራል፤ እሷም ተጋድማ ውስጥ እግሯን በትንንሽ መዶሻ ይመቱላታል። የመዶሻው ድምፅ ግድግዳ አልፎ ለቀሩት ሦስቱ ይሰማል፤ ሥራውም ይኸው ነው። በማግስቱ ምግብ የምታዘው እሷ ናት። ሲነጋ ፋኖሶቹ ወርደው በረጅም ቱቦ እፍ ተብለው ይጠፋሉ። ጥፋት የተገኘባት ሚስት ደግሞ ፋኖሶቿ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናሉ።

«ይኼ ሰውዬ ፊቱን የማያሳየን ምን ቆርጦት ነው?» አለች አክስቴ። ልክ ነበረች። የጌታው ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ እንኳ በቅርብ አይታይም፤ ጀርባው፣ ድምፁና መጋረጃው ብቻ። የፊልም ተቺዎች ብዙ ገጽ የጻፉበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ቀጥላ ግን የባሰውን ጠየቀችኝ፦ «ለመሆኑ አገራቸው ደንቡ እንዲህ ነው?»

ቀይ አምፖል በር ላይ የሚሰቅል ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም። የአክስቴ ጥርጣሬም ከዚያው የመነጨ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ የፋኖሱን ዘር ማንዘር ለመቁጠር ተነሣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ፊልሙ ከተቀዳበት መጽሐፍ ዘንድ ነው። ደራሲው ሱ ቶንግ ይባላል፤ ከያንግትዜ ወንዝ በስተ ደቡብ፣ በቦዮቿና በአትክልት ቦታዎቿ በምትታወቀው ሱጆ የተወለደ ሰው። «ሚስቶችና ቁባቶች» የሚል አጭር ልቦለድ ጻፈ። አራቱ ሚስቶች አሉ፣ ቅናቱ አለ፣ እብደቱም አለ። የፋኖስ ደንብ ግን የለም። የእግር መዶሻም የለም። ያለው ጉድጓድ ነው፦ በጓሮ፣ ሐረግ ያጠላበት፣ በቀደመው ትውልድ ያመነዘሩ ሴቶች ተጥለውበታል የሚባል የውኃ ጉድጓድ። የመጽሐፉ ሶንግሊየን ወደዚያ ጉድጓድ አጎንብሳ ማየት ትወዳለች፤ ፍርሃቷ ሁሉ ከዚያ ይወጣል።

ዣንግ ዪሞ ጉድጓዱን ደፈነው። በምትኩ ጣሪያ ላይ የተቆለፈች አንዲት ክፍል ሠራ፣ ታሪኩን ከእርጥቡ ደቡብ አንሥቶ ወደ ደረቁ ሰሜን ወሰደው፣ ግቢውን ደግሞ በፋኖስ ሞላው። ለውጡ ምን እንዳደረገ ለማየት ያነር የምትባለውን ገረድ መከተል ይበቃል። በመጽሐፉ ሶንግሊየን ይህችን ገረድ የምትቀጣት፣ እሷን ለመርገም ሥዕል የተሣለበትን የመጸዳጃ ወረቀት በግድ እንድትውጥ አድርጋ ነው። በፊልሙ ግን ያነር አሮጌ፣ የተቀዳደዱ፣ የተጣሉ ፋኖሶች ሰብስባ በገረድ ክፍሏ ውስጥ በድብቅ ታበራቸዋለች። አንድ ቀን ጌታው እኔንም ያገባኝ ይሆናል ብላ፣ በሯን ዘግታ፣ ለራሷ ለብቻዋ ሚስት ትሆናለች። ሲደረስባት ፋኖሶቹ ግቢ ወጥተው ይቃጠላሉ፣ እሷም ይቅርታ አልጠይቅም ብላ እሳቱ እስኪጠፋ በበረዶው ላይ ተንበርክካ ታድራለች፣ ትሞታለችም። እኔ ከፊልሙ ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም። መጽሐፉን የማደንቅ ሰው ብሆንም እዚህ ላይ ፋኖሱ ወረቀቱን በልጦታል።

እንግዲህ ፋኖሱ የዣንግ ዪሞ ልጅ ነው። ወንድምና እህት አለው ወይ? አለው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1990፣ «ጁ ዱ» የተባለ ፊልም ሠርቶ ነበር፦ ጨካኝ ሽማግሌ ባል፣ ወጣት ሚስት፣ ከወንድሙ ልጅ ጋር የተጀመረ ፍቅር። ይህም ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው፤ ደራሲው ሊዩ ሄንግ። መጽሐፉ ውስጥ የማቅለሚያ ቤት የለም። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሁሉ ማቅለሚያ ቤት ነው፦ ከጣሪያ የተንጠለጠሉ ቀይና ቢጫ ጨርቆች፣ የቀለም ገንዳ፣ የእንጨት መዘውር። ሁለቱ ፍቅረኞች መጀመሪያ የተገናኙ ጊዜ ከላይ የተሰቀለው ረጅም ቀይ ጨርቅ እየተተረተረ ገንዳው ውስጥ ይወርዳል። ካሜራው ከሰዎቹ ዘወር ብሎ ጨርቁን ያያል። ጨዋነትም ነው፣ ብልግናም ነው።

«መኖር» የተባለው የ1994ቱ ፊልም ደግሞ የዩ ኋን ልቦለድ ይዞ የአንድ ቤተሰብን አርባ ዓመት ገደማ ይተርካል። ፉግዊ የተባለው ሰው ቤቱን በቁማር ይበላል። ፊልሙ እጁ ላይ የቆዳ ጥላ አሻንጉሊቶች የሞሉበት ሣጥን ያስቀምጥለታል፤ መጽሐፉ ውስጥ ይህ ሣጥን የለም። በሣጥኑ እየዘፈነ የማረከውን ጦር አዝናንቶ ከጦርነት ይተርፋል። የባህል አብዮት ሲመጣ አሻንጉሊቶቹ አሮጌ ልማድ ናቸው ተብለው ይቃጠላሉ። ባዶው ሣጥን ግን ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ የልጅ ልጁ ጫጩቶች ያሳድርበታል። የመጽሐፉ ፉግዊ ዘመዶቹን ሁሉ ቀብሮ ከአንድ ሽማግሌ በሬ ጋር ይቀራል፤ የፊልሙ ፉግዊ ሚስቱ፣ አማቹና የልጅ ልጁ ተርፈውለት ምሳ ይበላል። ዣንግ ዪሞ ከደራሲው ይልቅ ርኅሩኅ ነው ማለት ነው፤ ቢያንስ ለሦስት ሰዎች።

ይህ በሰው መጽሐፍ ውስጥ የራስን ዕቃ የማስገባት አመል ከየት መጣ? ሰውየው መጀመሪያ ዳይሬክተር አይደለም፤ ካሜራ ያዥ ነው። የሺያን ከተማ ልጅ ነው። አባቱ በኮሚኒስቶቹ የተሸነፈው የኩዎሚንታንግ ጦር መኮንን ስለነበሩ የባህል አብዮቱ ሲመጣ ለልጁም ተረፈው። ገጠር ተልኮ አረሰ፣ ከዚያ ሺያንያንግ በሚባል ከተማ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት ሠራ። የመጀመሪያ ካሜራውን የገዛው ደሙን ሸጦ ነው ይባላል። የቤይጂንግ ፊልም አካዳሚ በ1978 እንደገና ተማሪ ሲቀበል ዕድሜው ከገደቡ በላይ ስለነበር ለባህል ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጻፈ፣ ያነሣቸውን ፎቶዎች አያይዞ። ተፈቀደለት፤ የገባውም ካሜራ ክፍል ነው። የጨርቅ ጥቅል ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ምን እንደሚመስል ከፋብሪካው ሌላ ማንም አላስተማረውም ብዬ እጠረጥራለሁ። የጥላ አሻንጉሊቱም የትውልድ አገሩ ጨዋታ ነው። ሱ ቶንግም ዩ ኋም የደቡብ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ሁለቱንም ጎትቶ ሰሜን አስገባቸው።

የክፍል ጓደኞቹም የቤተሰብ ነገር እንደ እግር እሳት የሚያንገበግባቸው ነበሩ፤ ምክንያት አላቸው። ቼን ካይጌ በልጅነቱ፣ በዚያው አብዮት ሰሞን፣ የፊልም ዳይሬክተር የነበሩትን አባቱን በሕዝብ ፊት አውግዟል፤ በኋላ ራሱ ጽፎታል። እንዲህ ያሳለፈ ትውልድ ስለ አባትና ልጅ ፊልም ልሥራ ሲል የሚቀልድ አይመስለኝም።

አክስቴ ዘንድ ልመለስ። ደንቡ እንዲህ አይደለም፤ ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ዳይ ቺንግ የተባለችው ቻይናዊት ጋዜጠኛ ፊልሙ ለውጭ አገር ዓይን የተሰፋ ልብስ ነው በሚል መንፈስ፣ ፋኖሱንም የእግር መዶሻውንም እየነቀሰች ተችታዋለች። ትችቱ እውነት አለው። ፊልሙ በገንዘብ የታይዋንና የሆንግ ኮንግ እጅ አለበት፤ ለኦስካር የቀረበው በሆንግ ኮንግ ስም ነው፤ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የብር አንበሳ ሲሸለም ቻይና ውስጥ ገና ለሕዝብ አልታየም ነበር። አገር ውስጥ የተጣለበት እገዳ የተነሣው በ1992 ነው። ስለዚህ የቻይና ደንብ ነው የተባለውን ነገር ዓለም ከቻይናዎቹ ቀድሞ አየው።

እኔ ግን ከፋኖሱ ጋር ነኝ። ደንቡ የፈጠራ ነው፤ አሠራሩ ግን ፈጠራ አይደለም። አራት ሴቶች እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ ለማድረግ ዱላ አያስፈልግም፤ አንድ የሚያስቀና ነገር፣ አንድ የሚሰማ ድምፅ፣ አንድ ማግስት የሚታዘዝ ምግብ ይበቃል። ጌታው ፊቱን ማሳየት እንኳ አያሻውም። ሳንሱር ባለበት አገር ይህን በንግግር ልበል ያለ ሰው ፊልሙ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ በፋኖስ ያለው ቢዘገይም ይወጣል።

ፋኖሱ የተሰቀለበትን ቤት ታሪክ ስሰማ ግን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ፊልሙ የተቀረጸው በሻንሺ ክፍለ ሀገር፣ ከጥንታዊቷ ፒንግያዎ ብዙም በማይርቅ የቺያዎ ቤተሰብ ግቢ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የተጀመረ፣ 313 ክፍሎች ያሉት፣ በንግድና በባንክ የከበሩ ሰዎች መኖሪያ። ይህ ቤተሰብ የታወቀ የቤት ሕግ ነበረው፦ ኦፒየም አይጨስም፣ ቁማር አይነካም፣ አሽከር አይንገላታም፣ ቁባት አይያዝም። ቁባት አይያዝም! አራት ሚስት በፋኖስ የሚሽከረከርበት ግቢ፣ ሁለተኛ ሴት ማስገባት የተከለከለበት ቤት ነው። ከቤቱ ታላላቅ ጌቶች አንዱ ቺያዎ ዢዮንግ ስድስት ጊዜ አግብተዋል፤ ሆኖም ሕጉን አልጣሱም፣ አንዷ ስትሞት ሌላዋን እያገቡ ነው። ለአክስቴ ስነግራት ጥቂት አሰበችና «ሕግ አክባሪ ናቸው» አለች።

ግቢው ሙዚየም ከሆነ ቆይቷል፤ ጎብኚው ግን ለባንኩ ታሪክ ብቻ አይመጣም። ቀይ ፋኖሶቹ ዛሬም ተሰቅለዋል። በ2001 ዣንግ ዪሞ ራሱ ታሪኩን ለቻይና ብሔራዊ ባሌት አዘጋጀው፤ ፋኖሱ በእግር ጣት መደነስ ጀመረ። በ2006 በቤተሰቡ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተሠራ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ወጣ፤ ስሙ የተጠራው ቤተሰብ ይቺን ዕድል ሳይመኝ አልቀረም። የሱ ቶንግ ልቦለድም በእንግሊዝኛ ሲታተም በራሱ ስም ሳይሆን በፊልሙ ስም ነው የወጣው፤ ውስጡ የፋኖስ ደንብ የሌለው መጽሐፍ በፋኖስ ስም ይሸጣል።

በ2019 ደግሞ የቻይና መንግሥት ግቢውን ከከፍተኛው የቱሪዝም ደረጃ ዝርዝር አወጣው። ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ንግዱ ከልክ አልፏል የሚል ነበር። ነጋዴ የሠራው ቤት ነው።