የበረኛው እጅ

አንባቢ ሆይ፥ ጎል አግብቼ ያፈርሁበትን ቀን ልንገርህ። እዚህ ጂንካ፥ ዝናብ ባረጠበው ሜዳ ላይ ከሌላ ክፍል ጋር ስንጫወት፥ በረኛቸው ወድቆ ኳሷን በአንድ እጁ ከመሬት አጣብቆ ያዛት። እኔም ሮጬ መታኋት። ኳሷ ገባች፤ ጣቱም ተሰበረ። ዳኛው አላየም፤ ጓደኞቼ በጫንቃቸው ተሸከሙኝ፤ እኔም ዝም አልሁ።

ሕጉን ያነበብሁት በኋላ ነው። በአሥራ ሁለተኛው የእግር ኳስ ሕግ፥ በረኛ ኳስን በእጁና በመሬት መካከል ከያዘ ሊነጥቁት አይፈቀድም። በአሜሪካኖቹ ፉትቦል ትልቁ ሊግም፥ አጎንብሶ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ለጎል ሙከራ ምት የሚሰድደው ሰው መጪውን ስለማያይ፥ በ2013 እ.ኤ.አ. ራሳቸውን መከላከል ከማይችሉት ተጫዋቾች ተቆጠረ።

ጣቱ እስኪድን ደብተሩን የጻፍሁለት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ሳምንት «ወንድሜ፥ ያ ጎል አልነበረም» አልሁት።

«አውቃለሁ፤ ይልቅ ጻፍ» አለኝ።