ከግሡ በኋላ የምትመጣው ትንሽ ቃል

ከባዝ ከተማ፣ እንግሊዝ አገር
ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ይልቁንም እንግሊዝኛ ለሚያጠኑት ልጆች

በእንግሊዝኛ ትምህርት «ፓሲቭ ቮይስ» የሚባለው፣ ባለቤቱ አድራጊ ሳይሆን ተደራጊ የሚሆንበት ዓረፍተ ነገር፣ አሠራሩ ቀላል ነው። «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ወዝ» ወይም «ወር» ይቀድማል፤ የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ይከተላል። ተማሪን የሚያደናቅፈው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው መስተዋድድ ነው፦ «ባይ»፣ «ዊዝ»፣ «ኦቭ»፣ «ፎር»፣ «ቱ»፣ «ኢን»። ብዙ ጊዜ ትርጉሙን የሚወስነውም እሱ ነው። ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ተነስቶ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዞ ባዝ በሚደርሰው ባቡር ውስጥ መቆም ለሚከብዳቸው ሰዎች የሚለቀቅ ወንበር አለ። ስለ እንዲህ ያለ ወንበር «ሪዘርቭድ ፎር» ሲባል ቦታው የተያዘላቸው ሰዎች ይታወቃሉ፤ «ሪዘርቭድ ባይ» ሲባል ግን የሚታወቀው ቦታውን የያዘው ሰው ነው። ግሡ ሳይለወጥ መልእክቱ ተለወጠ።

ለአማርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያው ችግር የራሱ «በ» ነው። «ደብዳቤው በልጁ፣ በእርሳስ፣ በክፍል ውስጥ ተጻፈ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ሦስቱም ስሞች «በ»ን ይዘዋል። እንግሊዝኛው ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል ይመድባል፦ «ዘ ሌተር ወዝ ሪትን ባይ ዘ ቦይ ዊዝ ኤ ፔንስል ኢን ክላስ»። «ባይ» ለጸሐፊው፣ «ዊዝ» ለመጻፊያው፣ «ኢን» ለቦታው ነው። «ሪትን ባይ ኤ ፔንስል» ያለ ተማሪ እርሳሱን ጸሐፊ አድርጎታል። ደግሞም አድራጊው ሁልጊዜ አይጠራም። ማን እንዳደረገው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ወይም ከነገሩ ራሱ ግልጽ ሲሆን፣ «ባይ» ከነስሙ ይቀራል። አድራጊው የሚታወቅና ሊጠራ የሚገባው ሲሆን አማርኛ ብዙውን ጊዜ «ልጁ ጻፈው» ማለትን ይመርጣል፤ «በልጁ ተጻፈ» ይበልጥ የሚሰማው በዜናና በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ነው።

መነሻን፣ መድረሻንና ማረፊያን የሚያመለክቱት መስተዋድዶች በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ተራ በተራ ይታያሉ። ስላው በሚባለው ጣቢያ ባቡር ቀይሮ ዊንድዘር ለሚወርድ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያው ሐሳብ ልዑል ዓለማየሁ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ በ1868 እ.ኤ.አ. የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ «ወዝ ቴክን ፍሮም መቅደላ»፣ ከመቅደላ ተወሰደ። «ወዝ ብሮት ቱ ኢንግላንድ»፣ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። «ወዝ ኤጁኬትድ አት ራግቢ»፣ በራግቢ ትምህርት ቤት ተማረ። በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሲሞት «ወዝ ቤሪድ አት ዊንድዘር»፣ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። «ፍሮም» የተነሳበትን፣ «ቱ» የደረሰበትን፣ «አት» የቆየበትንና ያረፈበትን ቦታ ያሳያሉ። «ብሮት»ና «ቴክን» ሁለቱም በአማርኛ «ተወሰደ» ሊባሉ ይችላሉ፤ እንግሊዝኛው ግን ወደ ተናጋሪው ሲመጣ «ብሮት»፣ ከተናጋሪው ሲርቅ «ቴክን» ይላል። በእንግሊዝ መጻሕፍት ልጁ «ብሮት» የሚባለው ጸሐፊዎቹ ቆመው የሚያዩት ከእንግሊዝ በኩል ስለሆነ ነው። ከመቅደላ በኩል ለሚያይ ሰው ልጁ የተወሰደ እንጂ የመጣ አይደለም።

አንድ ግሥ ብዙ መስተዋድድ ሲይዝ ባዝ ከተማ ራሷ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከምድር በሚፈልቀው 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርሰው ፍል ውሃዋ ስለምትታወቅ «ኖውን ፎር» ይባልላታል፤ የታወቀችበትን ነገር የሚያመጣው «ፎር» ነው። ሮማውያን ያውቋት ስለነበር «ኖውን ቱ ዘ ሮማንስ» ትባላለች፤ «ቱ» የሚያውቁትን ሰዎች ያመጣል። አኳይ ሱሊስ ብለው ይጠሯት ስለነበር ደግሞ «ኖውን አዝ አኳይ ሱሊስ» ይባላል፤ «አዝ» መጠሪያውን ይሰጣል። ሦስቱን ማቀያየር አይቻልም። ስለ ሕንፃ ሲነገርም መስተዋድዱ ይለያያል። ሮያል ክሬሰንት የሚባሉት በግማሽ ክብ የተሰለፉ 30 ቤቶች ማር በመሰለው በባዝ ድንጋይ ስለተሠሩ «ቢልት ኦቭ ስቶን» ናቸው፤ ንድፉን ያወጣው ታናሹ ጆን ዉድ ስለሆነ «ዲዛይንድ ባይ ጆን ዉድ» ይባላል።

«ሜድ ኦቭ»ና «ሜድ ፍሮም» ተማሪ የሚሳሳትባቸው ናቸው። ቁሱ ተሠርቶም ማንነቱ ሲታወቅ «ኦቭ» ነው፤ ቀለበት ከወርቅ፣ ጠረጴዛ ከእንጨት። ቁሱ ሌላ ነገር ሆኖ ሲለወጥ «ፍሮም» ነው፤ ጠጅ ከማር፣ አይብ ከወተት። አማርኛ ለሁሉም «ከ» ስለሚል ተማሪው ዕቃውን አይቶ መወሰን አለበት።

አንዳንድ ተደራጊ ቅርጾች ድርጊትን ሳይሆን ሁኔታን ይናገራሉ፤ የእነዚህ መስተዋድድ ከግሡ ጋር አብሮ መጠናት አለበት። «ኢንተረስትድ ኢን» ፍላጎትን፣ «ዎሪድ አባውት» ጭንቀትን፣ «ቤዝድ ኦን» መሠረትን፣ «ካቨርድ ዊዝ» መሸፈንን ያሳያሉ። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው ጋብቻ ነው። አማርኛ «ከእሱ ጋር ተጋባች» ስለሚል ብዙ ሰው «ሜሪድ ዊዝ» ይላል፤ ትክክሉ «ሜሪድ ቱ» ነው። በፍርድ ቤት ዜናም ግሦቹ የየራሳቸውን ቃል ይጠይቃሉ። የተከሰሰ ሰው «አኪዩዝድ ኦቭ» ወይም «ቻርጅድ ዊዝ» ነው፤ ጥፋተኛ ከተባለ «ኮንቪክትድ ኦቭ»፣ እስራት ሲፈረድበት «ሴንተንስድ ቱ» ይሆናል። ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀለው «ከመግባት ተከለከለ» የሚለው ነው፤ «ፕሪቨንትድ ፍሮም ኢንተሪንግ» ከአማርኛው «ከ» ጋር ይገጥማል።

በ«ፕሪቨንትድ ፍሮም ኢንተሪንግ» እንደሚታየው ከመስተዋድድ በኋላ ግሥ ሲመጣ መጨረሻው «ኢንግ» ይሆናል። እዚህ ላይ «ቱ» ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ዘ ናይፍ ኢዝ ዩዝድ ቱ ከት ብሬድ» ማለት ቢላዋው ዳቦ ለመቁረጥ ያገለግላል ማለት ነው፤ እዚህ «ቱ» መስተዋድድ አይደለም። «ሺ ኢዝ ዩዝድ ቱ ዎኪንግ» ግን በእግር መሄድ ለምዳለች ማለት ነው፤ እዚህ መስተዋድድ ስለሆነ «ዎክ» ሳይሆን «ዎኪንግ» ተባለ።

በእንግሊዝኛ ተደራጊ አነጋገር ከሁሉ የሚያስገርመው መስተዋድዱ ስሙን አጥቶ ብቻውን ግሡ ጎን ሲቀር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. በስደት የኖሩት ባዝ ውስጥ ፌርፊልድ ሃውስ በሚባለው ቤት ነበር፤ በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለከተማው ሰጥተዋል። ስለዚህ ቤት «ፌርፊልድ ሃውስ ወዝ ሊቭድ ኢን ባይ ዘ ኤምፐረር» ቢባል «ኢን»ና «ባይ» ይገናኛሉ። «ኢን» የቤቱ ነው፤ ቤቱ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ሲሄድ እሱ እቦታው ቀረ። «ባይ» የንጉሠ ነገሥቱ ነው። ልዑል ዓለማየሁን የእንግሊዝ መኮንን የነበረው ካፒቴን ስፒዲ ስለተንከባከበው «ወዝ ሉክድ አፍተር ባይ ካፒቴን ስፒዲ» ይባላል። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ለቀረበው ጥያቄ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2023 የሰጠው መልስ እምቢታ ስለነበር ጥያቄው «ወዝ ተርንድ ዳውን ባይ ዘ ፓላስ» ይባላል። «አፍተር»ና «ዳውን» ከግሡ ጋር አንድ ትርጉም ሠርተዋልና አይነጠሉም።

አማርኛ ይህን አሠራር በራሱ መንገድ ያውቀዋል። «የተኖረበት ቤት»፣ «የተከፈለለት ዕቃ»፣ «የተሳቀበት ሰው» ሲል «በ»ንና «ለ»ን ከግሡ መጨረሻ ጋር ይሰፋል። ልዩነቱ በብዙ ቁጥር ይታያል። «የተኖረባቸው ቤቶች» ሲባል ግሡ ነጠላ እንደሆነ ይቆያል፤ ብዛቱን የሚያሳየው «ባቸው» ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ሃውዝስ ወር ሊቭድ ኢን» ሲባል ብዛቱን «ወር» ይሸከማል፤ «ኢን» አይለወጥም። ሁሉም ግሥ እንዲህ አይሆንም። የተተኛበት አልጋ አንሶላው ስለሚጨማደድ «ዘ ቤድ ወዝ ስሌፕት ኢን» ያስኬዳል፤ «ባዝ ወዝ ዳይድ ኢን» ግን አይባልም። ድርጊቱ ነገሩን ሲነካው፣ ወይም ግሡና መስተዋድዱ አንድ ትርጉም ሲሆኑ፣ አነጋገሩ ይፈቀዳል።

በጥያቄም መስተዋድዱ መጨረሻ ላይ ይቀራል። አማርኛ «ከምን ተሠራ?»፣ «በማን ተጻፈ?» ብሎ ፊት ሲያስቀድመው እንግሊዝኛ «ዋት ኢዝ ኢት ሜድ ኦቭ?»፣ «ሁ ወዝ ኢት ሪትን ባይ?» ይላል። «ዋት ኢዝ ኢት ሜድ?» ብሎ ማቆም ዓረፍተ ነገሩን ጎዶሎ ያደርገዋል። ስለዚህ በደብተር ላይ «ሜሪድ» ብቻ፣ «ኖውን» ብቻ ተብሎ አይጻፍም። ግሡ ከነመስተዋድዱ፣ ከአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጋር ይጻፋል፤ ብዙ መስተዋድድ ያለው ግሥ ለእያንዳንዱ የየራሱ መስመር ይሰጠዋል።