የሊበን ሜዳ ወፍና የእናት ዘር

ነገሌ ቦረና የገባነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ግን ሁለት ቀን ፈጀብን። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ መንገዱን ሙሉ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «አባዬ፣ ይህ ሁሉ ለአንዲት ድንቢጥ ነው?»

ድንቢጥስ አይደለችም፤ በመጠን ግን ብዙም አትበልጣትም። ፈረንጆች «ላርክ» ከሚሏቸው የሜዳ ዘማሪ ወፎች አንዷ ናት።

በማግስቱ ማለዳ ሊበን ሜዳ ደረስን። እስከ ጉልበት የሚደርስ ሣር ጠብቄ ነበር። ሣሩ በከብት ተግጦ ከመሬት ጋር ተካክሏል፤ ባንድ በኩል ግራሩ እየገባበት ነው፣ በሌላው የታረሰ ማሳ ይታያል። ወፊቱ ደግሞ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ሥር ነው። በአፍሪካ ዋና ምድር በዘመናችን ከምድረ ገጽ የምትጠፋ የመጀመሪያዋ ወፍ እንዳትሆን የሚሰጋውም ለዚህ ነው።

አስጎብኚያችን በተቆረጠ ቁጥቋጦ ወደታጠረ ቦታ ወሰደን። «ካሎ» ይሉታል፤ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ለበጋ የሚቆይ ግጦሽ ነው። እዚያ ሣሩ ሣር ይመስላል። ጠባቂው ሽማግሌ «ወፏን አላውቃትም ነበር፤ ሣሩን ግን አውቀዋለሁ» አሉን።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ድንገት አንድ ወንድ ብድግ ብሎ እየዘመረ ወደ ላይ ወጣ፤ ጥቂት ተንሳፎ ተመልሶ ሣር ውስጥ ገባ። ልጄ መነጽሩን እስክታስተካክል አለቀ።

ይህን ወፍ ፈረንሳዊው ክርስቲያን ኤራር እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ካገኘው በኋላ ለአርባ ዓመታት ያህል ከሊበን ውጭ የለም ሲባል ኖሯል። በሶማሌላንድ ወጃሌ ሜዳ የሚመስለው ነበር፤ በእንግሊዛዊው ገዥ በአርቸር የተሰየመና ከ1922 ወዲህ በእርግጠኝነት ያልታየ። በኋላ ጅጅጋ አቅራቢያ፣ ከሊበን 590 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ተመሳሳይ ወፍ ተገኘ። ተመራማሪዎች የሊበኑን፣ የጅጅጋውንና የሙዚየሙን ወፍ አካል፣ ዜማና ዲኤንኤ መርምረው በ2013 ውጤቱን አወጡ፤ አንድ ዝርያ ናቸው።

ልጄ «በምን አወቁ?» አለችኝ። በየሕዋሱ ውስጥ ጉልበት የሚያመነጩ፣ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። የራሳቸው አጭር ዲኤንኤ አላቸው፤ የሚወረሰውም ከእናት ነው። ከትውልድ ትውልድ ጥቂት ጥቂት ለውጥ ይጠራቀምበታል። የሁለት ወፎችን ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነቱን መቁጠር ዝምድናቸው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይናገራል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው፣ ለዓመታት ሙዚየም ከተቀመጠ የደረቀ ናሙና እንኳ ሊገኝ ይችላል።

«ታዲያ የእኔ የእማዬ ነው?»

«የእማዬ፣ ከዚያ የአያትሽ።»

«ካንተስ?»

«ከእኔ ምንም።» በሳቅ ፈነዳች። በአባት ስም የምንጠራ ሰዎች ስለሆንን ነገሩ እኔንም ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ።

በሳይንስ ደንብ ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል። ስለዚህ ሲዳሞን ያስታውስ የነበረው የወፏ ሳይንሳዊ ስም ቀርቶ የገዥው ስም ጸና። ደንቡ ይገባኛል፤ ደስ ግን አይለኝም። የባሰው ሌላ ነው፤ «ዘመድ ተገኘላት» የሚለው ወሬ ሊያዘናጋን ይችላል። ጅጅጋ ያለው ዘመድ ለሊበኗ ሣር አያበቅልላትም። ደግሞም እዚያም እዚህም ያለው ቁጥር አነስተኛ ነው።

ስንመለስ ልጄ ደብተሯ ላይ የእናቷን፣ የአያቷንና የቅድመ አያቷን ስም ጻፈች። ከዚያ በላይ ያለችውን ጠየቀችኝ። አላውቅም። ለአማቴ ደወልን፤ ኔትወርክ አልነበረም።