የነገን ሸክም ዛሬ ስለ መሸከም

አንባቢ ሆይ፥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅተህ ጣራ ጣራውን እያየህ አድረህ ታውቃለህን? ተማሪ ከሆንክ ፈተናህን፥ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንክ ደግሞ ወሩ ሳይጋመስ ያለቀችውን ደመወዝህን፥ የቤት ኪራዩንና ወደ አገር ቤት የምትልከውን ገንዘብ ስታሰላ ወፍ ሲንጫጫ ሰምተህ ይሆናል። እኔም ካንተ የተሻልኩ ሰው አይደለሁም። ስለ ጭንቀት ላጫውትህ የተነሣሁት ድል ስላደረግሁት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ድል ስላደረገኝ ነው።

እናቴ የምትኖረው በጎጃም፥ ከመራዊ ከተማ አቅራቢያ፥ በቆጋ ወንዝ አካባቢ ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እርሷ የተዋሕዶ ልጅ ናት፤ እኔ በትምህርት ላይ ሳለሁ ካቶሊክ ሆንኩ። በዚህ ምክንያት ተቀያይመን አናውቅም፤ እርሷ ለኪዳነ ምሕረት ትሳልልኛለች፥ እኔም መቍጠሪያዬን ይዤ ለዚያችው እመቤት አደራ እላታለሁ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን ይዘጋ ጀመር። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በመራዊ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኋላ አስታወቀ። እኔ ግን ኮሚሽኑ ከመናገሩ በፊት ወሬውን በሹክሹክታ ሰምቼ ነበር። ወዲያው ወደ እናቴ ደወልኩ፤ ስልኳ አይሠራም። በማግሥቱም፥ በሳልስቱም እንዲሁ ሆነ።

ያን ጊዜ ጭንቀት በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ተማርኩ። በሐሳቤ እናቴን በቀን 10 ጊዜ እቀብራት ነበር። መዝገብ አሳስቼ ሌላ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። ከሩቅ አገር የመጡ አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ ፋይላቸውን ሲጠይቁኝ፥ ሳልፈልግ «የለም፥ ሌላ ቀን ይምጡ» ብዬ መለስኳቸው። ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ሲወጡ እያየሁ ዝም አልኩ። እነሆ፥ ለእናቴ አዝናለሁ እያልኩ የሌላ ሰው አባት አሳዘንኩ!

በ13ኛው ቀን፥ እሑድ፥ ወደ ልደታ ለማርያም ካቴድራል ሄጄ ንስሓ ገባሁ። ካህኑ ረጅም ስብከት ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ፥ «ልጄ፥ ዛሬ ለእናትህ ልታደርግላት የምትችለው ነገር አለን?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ጥቂት አሰብኩና «የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች፤ አሁን ሳያልቅባት አይቀርም» አልኳቸው። «እንግዲያስ እርሱን አድርግ፤ የቀረውን ለባለቤቱ ተውለት» አሉኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ እናቴ ትለው የነበረ ነገር ትዝ አለኝ። የቆጋ ግድብ በክረምት የወረደውን ውኃ ይዞ በበጋ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ገበሬው በየተራው ውኃ ይለቀቅለታል። በልጅነቴ ተራችን እስኪደርስ ቸኩዬ እየተመላለስኩ ስጠይቃት እናቴ፥ «ቦያችንን ጥረግ። ቦዩ ካልተጠረገ ውኃው ሲመጣ እንኳ ማሳችን አይደርስም። ተራችን ሳይደርስ ግን ግድቡ ሥር ቆመህ ብታድር ውኃው አይፈጥንልህም» ትለኝ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ቤተ ክርስቲያናችን «መግቦተ እግዚአብሔር» ብላ የምታስተምረውን ትምህርት እናቴ በዚህች ቃል ጠቅልላ ይዛዋለች። እግዚአብሔር ዓለሙን ይጠብቃል፥ ይመግባል፤ ነገር ግን ሰውን ሥራ ፈት ተመልካች አላደረገውም፤ የሥራው ተካፋይ አደረገው እንጂ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሰማይን ወፎች ሲያሳየን ሥራ መፍታትን ማስተማሩ አይደለም፤ ወፏም ማልዳ ከጎጆዋ ወጥታ ጥሬ ትለቅማለች። የከለከለን የነገን ሸክም በዛሬ ትከሻ መሸከምን ነው። የላዛሪስቶችን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1625 የመሠረተው ቅዱስ ቪንሴንት ዘጳውሎስም ልጆቹን ከመግቦት ቀድመው እንዳይሮጡ ይመክር ነበር፤ እርሱ ራሱ ግን ድሆችን ለመመገብ ሲደክም ኖሯል።

በማግሥቱ ሰኞ ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁና የሽማግሌውን ፋይል ፈልጌ አገኘሁ፤ ስልካቸውን ከማመልከቻቸው ላይ አይቼ ጠራኋቸው፥ ይቅርታም ጠየቅኋቸው። ማታ ኪኒኑን ገዛሁና እስከ ፍኖተ ሰላም ለሚሄድ የጭነት መኪና ነጂ ሰጠሁት። ከፍኖተ ሰላም ዘመዴ ወደ ቡሬ፥ ከቡሬም አንድ ነጋዴ መንገድ ሲከፈት ወደ መራዊ ሊያደርስልኝ ተስማማ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ጸሎት ብቻ ነበር። ያን ሌሊት ተኛሁ። ስለ እናቴ አንዳች ነገር ሳላውቅ ተኛሁ።

«ለእግዚአብሔር ከተውኩት ሁሉ ይሳካልኛልን?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ስለዚህ ነገር የጎጃሙን ልጅ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ ልንገርህ። በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ድቦ በምትባል ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1791 ተወለደ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያየው በአንድ ዓይኑ ነበር። እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም ተንከራተተ። በ1833 ዓ.ም. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ወጣ፤ ሮምንና ኢየሩሳሌምንም አየ። ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፥ አገራችን አቡነ ያዕቆብ ካለው፥ ጋር ወዳጅ ሆኖ በ1836 ዓ.ም. ካቶሊክ ሆነ፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ሲልም ቅስና ተቀበለ። በዘመኑ በነበረው የሃይማኖት ክርክር ተይዞ እምነቱን እንዲተው ቢጠየቅ እምቢ አለ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ኋላ በሰንሰለት ታስሮ ሲጓዝ በ1847 ዓ.ም. ክረምት በመንገድ ላይ ዐረፈ።

ልብ በል፤ ይህ ሰው በእግዚአብሔር ታመነ፥ ሰንሰለቱ ግን አልተፈታለትም። መስከረም 23 ቀን 1919 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ብለው ሲያውጁለት ከሞተ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። ይህን የምጽፈው የጥንቱን ጠብ ለመቀስቀስ አይደለም፤ መታመን ማለት የምንፈልገውን መልስ አስቀድሞ በእጅ መያዝ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። መታመን መልሱ ምንም ይሁን ምን ከመላሹ እጅ አለመውጣት ነው።

በ22ኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቍጥር ነበር፤ ድምፁ ግን የእናቴ ነበር። «ልጄ፥ መድኃኒቱ ደረሰኝ፤ ደኅና ነኝ» አለች። እኔ በደስታ ስጮህ እርሷ ዝም አለች። ቀጥሎም የጎረቤታችን የእማማ ልጅ በዚያ ሰሞን መሞቱን ነገረችኝ። ከእኔ ጋር ቦይ ይጠርግ የነበረ ልጅ ነው። ደስታዬ በአፌ ላይ ደረቀ።

እማማ ከእኔ ያነሰ አልጸለዩም። የእኔ እናት የዳነችው እኔ ከእርሳቸው የበለጠ ስለ ታመንኩ አይደለም፤ እንዲህ ብዬ ባስብ ኀጢአት ይሆንብኛል። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ የሚነግርህ ሰው ቢመጣ፥ አንባቢ ሆይ፥ ቶሎ አትመነው። እናቴ ለምን አላለችም፤ ያን ሰሞን ማታ ማታ እማማ ቤት እየሄደች አብራቸው ታድር ነበር። እማማም እያለቀሱ መጸለያቸውን አልተዉም አለችኝ። ከሁላችን የበለጠ እምነት ያየሁት በእርሳቸው ዘንድ ነው።

ዛሬም እጨነቃለሁ። ነገር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስነቃ ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «ነገ ጠዋት የምጠርገው ቦይ የቱ ነው?» እላለሁ። ፈተና ያለበት አንዲት ምዕራፍ ያንብብ፤ ዕዳ ያለበት አበዳሪውን ሄዶ በግልጽ ያነጋግር፤ ባለጉዳይ የሚጠብቀው ፋይሉን ያውጣ፤ ጎረቤቱ ያዘነበት ሄዶ አብሮት ይቀመጥ። ውኃው የእኛ አይደለም። ባለቤቱ አለው፤ እርሱም አይተኛም። አንተ ግን፥ ወዳጄ፥ ተኛ።