ችግኝ የሚያፈሉ ባልና ሚስት

ሰኔ ሲገባ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ችግኝ ፈላጊው ይበዛል። ገዢው ቅጠሉን አይቶ ዋጋ ይከራከራል፤ ሥራው ግን በበጋ አልቋል። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ተመጥኖና ተነፍቶ፣ ፕላስቲኩ አንድ በአንድ ተሞልቶ፣ በየካቲት ፀሐይ ጠዋትና ማታ ውኃ የጠጣ ችግኝ ነው። የምንከራከረው በዚያ ውኃ ላይ ነው።

✽

“ባለ ችግኙ የለም?” ይላል ደንበኛው፣ መደቡ መሃል አረም የምትነቅለውን ሴት አልፎ እያየ። ውኃ የምትቀዳው፣ ዳሱን የምታለብሰው፣ የትኛው ፕላስቲክ ውስጥ ምን እንደተዘራ የምታውቀው እሷ ናት። ዋጋውንም እሷን ቢጠይቃት ትነግረዋለች።

✽

በሐዲያና በከምባታ ጥንታዊው ችግኝ ጣቢያ የእንሰት ጓሮ ነው። ገበሬው ከዘር አያፈላም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሆነው እንሰት ተነቅሎ ግንዱ መሬት ውስጥ ካለው እብጥ ክፍል፣ ከአምቾው፣ በላይ ይቆረጣል፤ ልቡ ተፈልፍሎ ይወጣል፣ ባዶው በአፈርና በፍግ ተሞልቶ አምቾው ይቀበራል። ልቡ ሳለ አንድ ብቻ የነበረው ተክል፣ ልቡ ሲወጣለት በዙሪያው በአሥሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጥ ቡቃያ ይሰጣል። ቡቃያው ከመደብ ወደ መደብ እየተዛወረ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ይህን ዕውቀት ያቆዩልን ቤተሰቦች ናቸው፤ ባል ይቆርጣል፣ ሚስት ፍጉን ታመጣለች፣ ልጆች እያዩ ይማራሉ።

✽

የእንሰት አጠውልግ በሽታ መድኃኒት የለውም። በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ በቢላዋ ይተላለፋል፣ ጤነኛ መስሎ በተሸጠ ችግኝም ወደ ጎረቤት ጓሮ ይገባል። ስለዚህ ቢላዋውን ከተክል ወደ ተክል ሲሻገር በእሳት የሚለበልብ ችግኝ አፍይ ከማንም ይልቅ ሊከበር ይገባዋል። ርካሽ ችግኝ ፍለጋ ከማይታወቅ ሰው የሚገዛ ግን የመንደሩን ሁሉ እንሰት አደጋ ላይ ይጥላል።

✽

አቮካዶም እንዲሁ ሻጩን ማመን ይጠይቃል። ከፍሬ የበቀለው የእናቱን ዓይነት አይደግምም፤ ፍሬ ለመስጠትም ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ይደርሳል። ሁለቱ በችግኝነታቸው ጎን ለጎን ሲቆሙ ለማያውቅ ሰው አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ የምንገዛው ቃሉን ነው ማለት ይቻላል።

✽

ከደቡብ አፍሪካ በሚላክ ገንዘብ የቆሙት ቤቶች ለሆሳዕናና ለዱራሜ አፍዮች አዲስ ገበያ ከፍተዋል። ጽጌረዳ፣ ቡጌንቪሊያ፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው ጃካራንዳ ይፈለጋል። ልጁ በስደት ላይ ሆኖ እናቱ ደጅ የሚተከለውን በስልክ ያዛል። አበባው ሲፈካ ማየቱ ለእናት ነው።

✽

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ችግኝ በዚያ ቀን አይፈጠርም፤ ወራት ቀድሞ የሚያፈላው ሰው አለ። በመደብ ከሚገባው በላይ የቆየ ችግኝ ደግሞ ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ቢተከልም አይጠናም። ትዕዛዝ የዘገየበት አፍይ ኪሳራውን ብቻውን ይሸከማል።

የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የዶዮገና፣ የአንጋጫ ሰዎች፤ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎችም፤ ለሰኔ የምትፈልጉትን ችግኝ በጥር እዘዙ፣ ግማሹንም ዋጋ በጥር ክፈሉ።