አይጥ ብትበላ እኛ ተመታን

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ አበው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለሦስት ስንኖር ዳዋዎቹ እኛ ሆንን። አገር ቤት አይጥ ስናይ መጥረጊያ ነበር የምናነሳው፤ እዚህ ግን ሚጡ ብለን ስም አወጣንላት።

አንድ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የለውዝ ቅቤ ጉሮሮዋ ላይ ተጣበቀ። አንገቷን ትሰበስባለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል። አንዳችን «ውሃ እንስጣት»፣ ሌላችን «ብታስመልሰው ይሻላታል» አልን። ወገን፣ አይጥ ማስመለስ አትችልም! አፈጣጠሯ አይፈቅድላትም። ውሃም በግድ ቢግቷት ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። አፍንጫዋ ላይ ያየነው ቀይ ነገር ደግሞ ደም አልነበረም፤ ስትጨነቅ ወይም ስትታመም ከዓይኗ ጀርባ ካለ ዕጢ የሚወጣ፣ ፖርፊሪን የሚባል ቀለም ነው። ይህን የነገረችን ሚጡን የተቀበለችን የእንስሳት ሐኪም ናት። ሁሉም ክሊኒክ አይጥ ስለማያክም እሷን እስክናገኝ አራት ቦታ ደውለናል።

ሊነጋጋ ሲል ሚጡ ዳነች። ሂሳቡ ግን ለእናቶቻችን ልንልክ ያሰብነውን ዶላር በላው። የአይጥ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 ዓመት ነው፤ «ለዚህች?» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፦ ትንፋሽ ሲያጥራት እያየን ተኝተን ማደር አልቻልንም።